ሁለተኛው ባትሪ

አባዬ ፈጠን ብሎ የሚነገር እንግሊዝኛ አይገባውም ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቼ ነበር። መሳሳቴን ያወቅኩት በማርች 2019 ዴንቨር ውስጥ በተካሄደ የሮቦት ውድድር ላይ ነው።

ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን አውሮራ ነው። አባዬ አዲስ አበባ እያለ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ ነበር። እዚህም መካኒክ ነው፤ የሚሠራበት ጋራዥ ከኮልፋክስ ጎዳና ብዙ አይርቅም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ ይሄድ ስለነበር የአማርኛዬ ግማሹ የጋራዥ አማርኛ ነው። "ዳዶ አቀብዪኝ፤ ካቻቢቴውን አምጪ፤ ፒንሳው የት ሄደ?" እነዚህ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። ለእኔ አማርኛ ማለት እነሱ ነበሩ። አዲስ አበባ ስንሄድ የአክስቴ ልጆች "የጎሚስታ ልጅ!" እያሉ ስቀውብኛል።

ትምህርት ቤታችን የሮቦት ቡድን ነበረው። ውድድሩ ፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን ይባላል። ፈርስትን ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው በ1989 አቋቋመው፤ የመጀመሪያው ውድድር በ1992 ተካሄደ። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ አዲስ ጨዋታ ይፋ ይሆናል፤ ቡድኖችም ለዚያ ጨዋታ የሚሆን ሮቦት ይሠራሉ። የ2019 ጨዋታ ስለ ጠፈር ነበር። ሮቦቱ ብርቱካናማ ኳሶችንና ክብ ሰሌዳዎችን እያነሳ፣ ሮኬት የሚመስል ባለ ሦስት ደረጃ ማማ ላይ ያስቀምጣል። ሦስት ቡድን ከሦስት ቡድን ጋር ይገጥማል። አንድ ግጥሚያ 2 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነበር።

የመሥሪያው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ነበር። ከዚያ በፌብሩዋሪ 19 ሮቦቱ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ታሸገ። እስከ ውድድሩ ድረስ መክፈት አይቻልም። (ይህ የማሸግ ሕግ ከዚያ ዓመት በኋላ ቀርቷል። የመጨረሻዎቹ አሻጊዎች እኛ ነን።) ማርች 13 ደግሞ ያ የማይረሳው የበረዶ ማዕበል ኮሎራዶን መታ። የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያዎች በሙሉ ተዘጉ፤ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። መለዋወጫ ልንሠራ ያሰብንባቸው ቀናት በከንቱ አለፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቺ ሴንተር ውስጥ ከረጢቱን ከፈትን። ሐሙስ የልምምድ ቀን ነው። ሮቦታችን ኳሱን ይዞ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ወደ ሮኬቱ ሮጠ፤ ድንገት ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ በአፍንጫው ተደፋ። በሁለተኛው ልምምድም እንዲሁ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ "ኦኦኦ" ሲል ይሰማል። ያ ድምፅ ዛሬም አልወጣልኝም።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ መጣ። ጾም ስለነበር ለቡድኑ የምስር ሳምቡሳ ይዞ ነበር። ሮቦቶች የሚጠገኑበት ቦታ ያለ መከላከያ መነጽር መግባት ክልክል ነው፤ ስለዚህ በማንበቢያ መነጽሩ ላይ ሌላ መነጽር ደርቧል። ሮቦቱን ዞር ዞር ብሎ አየና "ያጋድላል" አለ።

"ማጋደል ምንድን ነው አባዬ?"

"አያትሽ አህያ ሲጭኑ አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ወደዚያ ያጋድላል። ያን ጊዜ በቀለለው ጎን ድንጋይ ይጨምራሉ። የእናንተም አህያ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ከታች፣ ከኋላ።"

ለጓደኞቼ ተረጎምኩላቸው። መርከብም ባዶውን ሲሄድ እንዳይገለበጥ ከታች ክብደት ይጫንበታል፤ እንግሊዝኛው ባላስት ይለዋል። ሁሉም ተስማሙ። በዚያ ዓመት ሕግ ሮቦቱ ያለ ባትሪውና ያለ ዙሪያ መከላከያው ከ125 ፓውንድ፣ ማለትም ከ57 ኪሎ ገደማ መብለጥ የለበትም። የእኛ 111 ነበር። 14 ፓውንድ መጨመር እንችላለን።

ግን ምን እንጨምር? ከጋሪያችን ሥር ቻርጅ የማይዝ አሮጌ ባትሪ ነበር። የእነዚህ ሮቦቶች ባትሪ ትንሽ የመኪና ባትሪ ይመስላል፤ 12 ቮልት ነው፤ ውስጡ እርሳስና አሲድ አለ። (እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው።) ክብደቱ 12 ወይም 13 ፓውንድ ይሆናል። አባዬ በእግሩ ነካ አደረገው። "ይሄ ሞቷል አይደል? ድንጋያችሁ ይኸው።"

አንድ ሰዓት ሙሉ ስናስር ቆየን። መዘንነው፤ 123 ተኩል። ደስ አለን። ሮቦት ላይ ለውጥ ከተደረገ ተቆጣጣሪ እንደገና ማየት ስላለበት ጠራን።

የመጣችው ተቆጣጣሪ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ሁለተኛውን ባትሪ ስታይ እጇን ከሮቦቱ ላይ አነሳች። ሮቦቱ ላይ የሚፈቀደው አንድ ባትሪ ብቻ ነው አለች። እንደ ካሜራ ላሉ ዕቃዎች ከሚፈቀዱት ትንንሽ የዩኤስቢ ባትሪዎች በቀር ሌላ ባትሪ መጫን አይቻልም፤ ኃይል ቢሰጥም ባይሰጥም። መመሪያው ራሱ ምሳሌ አድርጎ የጻፈው የእኛን ሐሳብ ነበር፤ ለክብደት ተብሎ ተጨማሪ ባትሪ አይጫንም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የቡድኑ የደህንነት ኃላፊ እኔ ነበርኩ። መመሪያውን ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር። እኔ ግን ሳቅ ብዬ፣ በፈጣን እንግሊዝኛ፣ "የአባቴ ሐሳብ ነው፤ እሱ ሕጉን አያውቅም" አልኩ።

አባዬ የሳምቡሳውን ዕቃ እየሰበሰበ ነበር። ቀና አላለም። መከላከያ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "እኔ ልሂድ፤ የሚጠብቀኝ መኪና አለ" ብሎ ወጣ።

ማታ ቤት ስገባ ሽሮውን በልቶ ጨርሶ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። "ሕጉን አላውቅም" አለ። "እውነትሽን ነው። አምጪና አንብቢልኝ።"

ፊቴ ጋለ። ምን እንደምል አላወቅኩም፤ አንዳንድ ነገር በአማርኛ ለመናገር ቃሉ ያጥረኛል፣ ያን ቀን ግን በእንግሊዝኛም አጥሮኝ ነበር። መመሪያውን አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ስለ ባትሪ የተጻፈውን አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። ባትሪው ሮቦቱ ቢገለበጥ እንኳ እንዳይወድቅ በደንብ መታሰር አለበት። ሁለቱ ጫፎቹ ተሸፍነው ብረት እንዳይነካቸው መደረግ አለባቸው። ቻርጀሩ ከ6 አምፔር በላይ መስጠት የለበትም። አባዬ እያንዳንዱን ሲሰማ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" ይል ነበር። ባትሪ ከመንካቴ በፊት ቀለበት እንዳወልቅ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ቁልፍ ሁለቱን ጫፎች ነክቶ እንደ ብየዳ ሲፈነጥቅ አይቷል።

ሁለተኛው ባትሪ ላይ ስንደርስ ግን "ለምን?" አለ። "ካልተያያዘ ምን ያደርጋል?"

መመሪያው ምክንያቱን አይዘረዝርም። አብረን አሰብን። ሞቷል ያልነው ባትሪ በእርግጥ አልሞተም፤ በዚያው ቀን ስለካው ከ11 ቮልት በላይ ነበረው። ሮቦት ሳይሠራ ለመቅረት ያ በቂ ነው፤ ሽቦ ለማቅለጥ ግን ከበቂ በላይ ነው። ሮቦቶቹ ደግሞ ይጋጫሉ። ዕቃው ከተሰነጠቀ አሲድ ይፈሳል፤ ለዚህ ነው ቡድኖች ቤኪንግ ሶዳ ይዘው የሚዞሩት። አባዬ የጨመረው ነገር ለእኔ ከሁሉም የተሻለ መሰለኝ፤ "ሮቦቱ ቢጨስ የሚሮጠው ሰው የሚያጠፋው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሁለተኛው ባትሪ በዚያ በኩል አያልፍም። ሰውየው አጠፋሁ ብሎ እጁን ይሰዳል።"

ከዚያ ስለ አውሮፕላኑ አነሳ። በጁላይ 2013 ለንደን፣ ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር በእሳት ተጎዳ። ሰው አልነበረበትም። ንግሥተ ሳባ የሚባለው አውሮፕላን ነው። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ የደረሱት አንድ ትንሽ መሣሪያ ጋ ነው፤ አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ የሚያስታውቅ መሣሪያ። የውስጡ ሊቲየም ባትሪ ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ያ መሣሪያ የሚሠራው በራሱ ባትሪ ነበር። አባዬ "አየሽ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ባትሪ" አለ። ክርክሩን ራሱ በራሱ ላይ ረታ።

"እሺ፣ ስለ ብረትስ ምን ይላል?"

አነበብኩለት። እርሳስ የሚፈቀደው ቀለም ከተቀባ ወይም ከታሸገ ብቻ ነው፤ ውድድሩ ቦታ ላይም መቁረጥ ወይም መብሳት አይቻልም። እርሳሱን ተወው። ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ። "ጫማሽን አድርጊ።"

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጋራዥ ውስጥ ነበርን። የፍሬን ዲስኮች አንድ ጥግ ተደራርበዋል፤ አሮጌም አዲስም። እየመዘነ ያስቀምጣል። አንዱ 11 ፓውንድ መጣ። ያልተነካ አዲስ ነበር፤ የጎማ ብሎኖች የሚገቡባቸው አምስት ቀዳዳዎችም አሉት። እኛ የምንበሳው ነገር የለም። ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን ቆጥሮ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለለልኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል "ይቅርታ አባዬ" አልኩት።

"እንግሊዝኛሽ ይፈጥናል" አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ሃቫና መንገድ እስክንደርስ ሬዲዮኑንም አልከፈተም።

ዓርብ ጠዋት ዲስኩን ከታች፣ ከኋላ አሰርነው። ሚዛኑ 122 አለ። የመጣችው ያችው ተቆጣጣሪ ነበረች። ዲስኩን በእጇ ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ አላለም። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ጠየቀች። "የአባቴ ነው" አልኩ፤ "የትናንቱን ግን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ የደህንነት ኃላፊዋ እኔ ነኝ።" ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ፈረመች። አባዬ ሥራ ላይ ስለነበር ይህን አልሰማም። ማታ ነገርኩት።

በዚያን ቀን ሮቦቱ አልተደፋም። ክንዱን ዘርግቶ ሲቆም የኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ከመሬት ነቅነቅ ይላሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ቅዳሜ ግን ሩብ ፍጻሜ ላይ ወጣን። ግጥሚያው መሀል ሮቦታችን ድንገት ጠፋ፤ በራ፤ እንደገና ጠፋ። አውጥተን ስናየው የባትሪው አንድ ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ ላልቶ ነበር። ከግጥሚያው በፊት ያን መፈተሽ የማን ሥራ እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል።

አባዬ ከተመልካች ወንበር ወርዶ መጣ። ገመዱን በጣቱ ነካ አደረገና አየኝ።

"ዳዶ" አለ።

"ዳዶ" አልኩ።

ሮቦቱ በበጋው ሲፈታ ዲስኩን ለጋራዡ መለስነው። አባዬ አልሸጠውም። ሙቀት ሲሆን የጋራዡን የጓሮ በር ንፋስ እንዳይዘጋው ያስደግፈዋል።