ጾምና መርፌ

አክስቴ ኤንፒኤች የሚባለውን ኢንሱሊን ነው የምትወስደው። ሰዉ «የረጅም ሰዓት» ይለዋል እንጂ እንደ ግላርጂን ቀኑን ሙሉ በተቀራራቢ ጉልበት አይሠራም። ጠዋት 12 ሰዓት ከተወጋች የሚበረታው ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። እሷ ደግሞ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም! መድኃኒቱ ስኳሩን የሚያወርደው ልክ ሆዷ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ራስን መሳት።

የንስሐ አባቷ «የታመመ ይብላ» ቢሏትም እሺ አላለችም። «እንግዲያው መርፌውን ልተወው» አለች፤ እሱ ደግሞ ስኳሩን ሽቅብ ሰቅሎ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ መጠኑንና ሰዓቱን ለወጡላት። ስኳሯ ከ70 በታች ከወረደ ግን ጾሙን ገድፋ ወዲያው ጣፋጭ ልትወስድ ተስማማች። አሁን ቅዳሴ ስትሄድ ከረሜላ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች።