ሰማያዊዋ መብራት

ሽማግሌው መካኒክ ከሞተሩ ጎን ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈቱ፣ ሽፋኑን አነሱና ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ቡናማ ዝገት ለብሷል። «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ አንድ ዕቃ መኖር ነበረበት። የለም» አሉኝ። ቴርሞስታቱን ማለታቸው ነበር። ከአምስት ወር በፊት ሌላ ጋራዥ ውስጥ «በአዲስ ተቀይሯል» ተብዬ 3,800 ብር የከፈልኩበትን ዕቃ።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ቆይቻለሁ። በንዴት የተጻፈ ነገር ለማንም አይጠቅምም ብዬ ነው። ንዴቱ አሁን በርዶልኛል፤ ነገሩ ግን አልወጣልኝም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መኪናዬ የ2007 ሥሪት ቪትዝ ናት። ግማሹን በእቁብ ግማሹን በብድር የገዛኋት። ባለፈው መስከረም መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ እንደቆምኩ ቀይዋ የሙቀት መብራት በራች። በዚህ ሞዴል ላይ የሙቀት መርፌ የለም፤ ያሉት ሁለት መብራቶች ናቸው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሰማያዊ ይበራል፣ ከልክ በላይ ሲግል ቀይ። ጤነኛ መኪና ላይ ትንሽ እንደተነዳ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ቤተሰባችን ለዓመታት ወደሚሄድበት ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ባዕድ ሰው አይደለም። አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሦስቱንም ቀን አብሮን ያመሸ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ደውሎ «ቴርሞስታቱ ነው የሞተው፣ በአዲስ ቀይሬልሻለሁ፤ ቬንቲላተሩንም አስተካክዬዋለሁ» አለኝ። ሄጄ የዕቃውንም የእጁንም ከፈልኩ። አሮጌውን ዕቃ አሳየኝ አላልኩም። ደረሰኝም አልጠየቅኩም። ለቅሶ የደረሰን ሰው ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይዋ መብራት አልበራችም። ሰማያዊዋ ግን አልጠፋ አለች። ጠዋት ከካራ ስነሳ በርታ፣ ኮተቤን አልፌ፣ ላምበረትን አልፌ፣ መገናኛ ስደርስ ገና እንደበራች ናት። ነዳጅም መብላት ጀመረች፤ ሳምንት ያደርሰኝ የነበረው አምስት ቀን አይሞላም። ደውዬ ነገርኩት። «ጥሩ እኮ ነው እህቴ፣ ቀዘቀዘችልሽ ማለት ነው» አለኝ። አመንኩት። አምስት ወር ሙሉ መኪናዋ በየማለዳው ስትነግረኝ እኔ የምሰማው እሱን ነበር።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት እናቴን ከሽሮ ሜዳ ይዣት ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት በእግሯ አትችለውም። ዳገቱን አጋምሰን ቀይዋ መብራት በራች፤ ዳር ይዤ ሳልቆም እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ተግተልትሎ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የእመቤታችንን ስም ትጠራለች። እኔ በድንጋጤ ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን ልይዝ ስል ከኋላችን የቆመ የታክሲ ሾፌር ሮጦ መጥቶ እጄን ቀለበኝ። «እንዳትነኪው! ይቀቅልሻል!» ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። በግፊት የታመቀ የፈላ ውሃ ክዳኑ ሲላላ ፊት ላይ እንደሚፈነዳ ያወቅኩት በኋላ ነው። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መኪናችሁ ቢግል ሞተሩን አጥፉና ራዲያተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ቢሆንም፣ ከዚያም ቢበልጥ።

መኪናዋ ተጎትታ ሌላ ሰፈር ሄደች። እዚያ የሠሯት ሽማግሌው መካኒክ ከተግባረ ዕድ ተመርቀው ዕድሜያቸውን በዚህ ሙያ የጨረሱ፣ አሁን በግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሦስት መኪና ብቻ የሚይዙ አዛውንት ናቸው። ዕቃ አልፈቱም መጀመሪያ። ጥያቄ ጠየቁኝ። መቼ ጀመረ? ቆማ ነው ወይስ እየሄደች? ውሃ ትጨምሪያለሽ? ጠዋት ከሥሯ እርጥበት አይተሽ ታውቂያለሽ? ስለ ሰማያዊዋ መብራት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና መፍቻውን አነሱ።

ያገኙት ይህ ነው። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ቦታው ባዶውን ታሽጓል። ቬንቲላተሩ ከሙቀት ጠቋሚው ተነጥሎ፣ ቁልፉ ሲዞር ሁልጊዜ እንዲዞር በተጠማዘዘ ሽቦና በፕላስተር ተቀጥሏል። በጋራዥ ቋንቋ «ዳይሬክት ተደርጓል»። ራዲያተሩ ውስጥ ኩላንት የለም፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ። እውነተኛው በሽታ ደግሞ ማንም ያልነካው ነበር፤ የውሃው ፖምፓ ከጎኑ ቀስ እያለ ያፈሳል። ጠብታ ብቻ ነው። እየነዳሁ ስለሚደርቅ መሬት ላይ እንኳ አይታይም።

ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አንድ ነገር አስረዱኝ፤ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም ነበር። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ በ90። የመኪና ሞተር በጤናው የሚሠራበት ሙቀት እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ፣ ኩላንቱም ከሌለ፣ በእኛ ከተማ ሞተሩ ገና ሥራ ላይ ሳለ ውሃው መፍላት ይጀምራል። ቴርሞስታት የሚባለውም ውስጡ ሰም የታሸገበት ትንሽ በር ነው። ውሃው 80 ምናምን ዲግሪ እስኪደርስ ተዘግቶ ሞተሩን ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲያብጥ በሩን ገፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ይለቀዋል። እሱ ሲወጣ ሞተሩ ሁልጊዜ ብርድ ላይ ነው። ነዳጅ አብዝቶ ይጠጣል፣ ዘይቱ በቅጡ አይሞቅም፣ ብረቱ ያለጊዜው ይበላል። ከሁሉ የከፋው ግን የፖምፓው ፍሳሽ መሸፈኑ ነበር። ከተማ ውስጥ ሁሉም ነገር ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃው እያለቀ መሆኑን የሚነግረኝ ምልክት አልነበረም፣ ዳገት እስክወጣ ድረስ።

የዘይት መለኪያውን ስበው ሲያሳዩኝ ዘይቱ ከውሃ ተቀላቅሎ ማኪያቶ መስሏል። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ተጣሟል። ማስላግ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ፖምፓ፣ ቴርሞስታት፣ ኩላንት፣ ዘይት። ዕቃውን ራሴ ሶማሌ ተራ ሄጄ እንድገዛ አዘዙኝ፤ ቁጥሩን ጽፈው ሰጡኝ፣ ሻጮቹ ምን ብለው እንደሚያታልሉኝም ጭምር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ወጪው የመጀመሪያው ሰው ፖምፓውን በጊዜው አግኝቶት ቢሆን ኖሮ የምከፍለውን ብዙ እጥፍ ነው።

ሽቦውን በፌስታል ይዤ ወደ ድሮው ጋራዥ ተመለስኩ። አልጮህኩም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። አልካደም። «ቴርሞስታት እዚህ አገር አያስፈልግም፣ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። ሁሉም መካኒክ ነው የሚያወጣው» አለኝ። የሚያስፈልግ ካልሆነ ለምን የአዲስ ዕቃ ዋጋ ተቀበልከኝ ስለው ዝም አለ። ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለኝ ነገር ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እህቴ፣ ምክንያቱን ስፈልግ ብውል ማን ይከፍለኛል? ሰው የሚከፍለኝ ዕቃ ቀየርኩ ስል ነው።»

ይህ ንግግር ጥፋቱን አያቀልለትም። ያልገጠመውን ዕቃ ገጠምኩ ብሎ ገንዘብ መቀበል ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እናቴን ይዤ ዳገት መካከል እንድቆም ያደረገኝም እሱ ነው። ግን ስለ እኛ የተናገረው እውነት መሆኑን መካድ አልችልም። በእጅ ዋጋ ላይ እንከራከራለን። «ሁለት ሰዓት ፈትሼ በሽታዋን አገኘሁት» ለሚል ሰው ኪሳችን አይፈታም፤ «ይሄን ቀይሬዋለሁ» ለሚል ግን ሳናይ እንከፍላለን። ስለዚህ መካኒኩ ሁልጊዜ የሚቀየር ነገር ይፈልጋል፤ ከመለዋወጫ ሱቁም ኮሚሽን አለው። አላውቀውም ማለት ሙያውን የሚያሳንስ ይመስለዋል። እኔ ግን «አላገኘሁትም፣ ሌላ ሰው ይይልሽ» ቢለኝ ኖሮ የዋለበትን ከፍዬ፣ አመስግኜው እሄድ ነበር። ይህን ነገርኩት። አንገቱን ደፋ።

የዕቃውን 3,800 ብር መለሰልኝ። ለቀረው ኪሳራ የምከስበት ወረቀት የለኝም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት የተሰጠው ሰው ሥራው ያለ ክፍያ እንዲደገምለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ምን ይዞ ይጠይቃል? በይሉኝታ ያስቀረሁት ወረቀት ነው ባዶ እጄን ያስቀረኝ። አሁን ወንድሜም ቢሠራልኝ እጠይቃለሁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም በእጄ ሳልይዝ አልከፍልም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ስንነጋገር ረዳቱ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። መስከረም ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ባትሪ ያበራው እሱ ነው፣ ሽቦውንም ያጠማዘዘው ምናልባት እሱ ይሆናል። ቀና ብሎ አላየኝም። የእኛ አገር የመካኒክነት ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያን ጋራዥ የተረፉ ናቸው፤ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ ከተባረረም በኋላ እዚህ ከቀሩት ሠራተኞች ሥር ዕቃ ያቀብሉ የነበሩ ልጆች በጆሯቸው የያዟቸው፣ ለረዳቶቻቸውም ያወረሷቸው። ማንም መጽሐፍ ገልጦ አላስተማራቸውም። ቃሉ እንዲህ ሳይዛነፍ ከደረሰን «ዳይሬክት አድርገው»ም እንዲሁ ይደርሳል። ያ ልጅ ነገ የራሱን ጋራዥ ሲከፍት ቴርሞስታት ማውጣትን እንደ ጥገና ቆጥሮ ነው የሚጀምረው።

እነዚህ መኪኖች ደግሞ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቪትዟን ጥዬ ሌላ ልግዛ የምልበት አቅም የለኝም፤ አብዛኞቻችሁም የላችሁም። ያለን እነዚህን የሚጠግኑ እጆች ናቸው።

ከጋራዡ ስወጣ ልጁ እስከ በር ተከተለኝ። «ቴርሞስታቱ የት ነው የሚገባው? ማለቴ፣ በየት በኩል ነው የሚዞረው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አላውቅም። ስለዚህ ለሽማግሌው ደወልኩላቸውና ስልኩን ሰጠሁት። በሩ ላይ ቆሞ፣ በግራ እጁ አየር ላይ ክብ እየሠራ፣ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ ረጅም ጊዜ አወራ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ዓይኔ ከዳሽቦርዱ አልተነቀለም። ኮተቤ ሳልደርስ ሰማያዊዋ ጠፋች።