ከሲቲ ስታርስ እስከ ሰባተኛው ሰፈር፦ የገመድ አልባ ማዳመጫ ቅኝት በናስር ሲቲ

ናስር ሲቲ ከካይሮ በስተምሥራቅ የተቆረቆረችው በገማል አብደል ናስር ዘመን ነው። መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ሁለቱ የገበያ ጎዳናዎቿ፣ አባስ አል-አቃድና መክራም ዑበይድ፣ ጎን ለጎን ወርደው ሙስጠፋ አል-ነሓስ ጎዳና ላይ ይገጥማሉ። ሄድፎን ፈላጊ በዚህ ሰፈር ሦስት ዓይነት መሸጫ ያገኛል፦ ትልቁ የገበያ ማዕከል፣ የጎዳና ዳር ሱቅ እና የእግረኛ መንገድ ላይ ጠረጴዛ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ የሚመስል ዕቃ በሦስቱም ቦታ አለ። ቅኝቱ ከውዱ ተነስቶ ወደ ርካሹ ይወርዳል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር አስቀድሞ ይባል። በማርች 2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የግብፅ ፓውንድ ተለቆ ዶላር ከ31 ወደ 50 ገደማ ዘሏል። ከዚያ በፊት የገዛ ሰው «እኔ በዚህ ነው የወሰድኩት» ቢል አትስሙት። እዚህ የሚጠቀሰው አምራቾቹ ዕቃውን ለገበያ ሲያወጡ የቆረጡለት የዶላር ዋጋ ነው። በዕለቱ የዶላር ምንዛሪ አባዙትና ቀረጡን፣ 14 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ እና የነጋዴውን ትርፍ ጨምሩበት።

መነሻው ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ ጎዳና ላይ ያለው ሲቲ ስታርስ ነው። በ2005 የተከፈተ ሲሆን ከ500 በላይ ሱቆች አሉት። እዚህ ማዳመጫው ከካርቶኑ ወጥቶ መቆሚያ ላይ ተሰቅሏል፤ አንስቶ ጭንቅላት ላይ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ብቻ እንኳ መምጣቱ ያዋጣል። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ በ549 ዶላር ወጥቶ ክብደቱ 385 ግራም ይጠጋል። የሶኒ ኤክስኤም5 በ399 ዶላር ወጥቶ 250 ግራም ነው። በእጅ ሲይዙት ልዩነቱ ብዙም አይመስልም፤ አሥር ደቂቃ ከደፉት በኋላ ግን አናት ላይ ይናገራል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ደግሞ ከአሥር ደቂቃም በፊት ታውቀዋለች፤ የማዳመጫው ቅስት ጉንጉኑ ላይ ያርፋልና። ቢትስ ሶሎ 4 በ217 ግራም ይቀልላል፣ ዋጋውም 199 ዶላር ነው። ይሁን እንጂ ትራሱ ጆሮውን አይከብም፤ ላዩ ላይ ይጫናል። መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ ይሞክረው።

መታጠፍም አንድ ጉዳይ ነው። ኤክስኤም5 ጽዋዎቹ ይዞራሉ እንጂ ቅስቱ አይታጠፍም፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ኤክስኤም4 ግን ተጣጥፎ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተቀመጡ አዲሱ ያምራል። በማይክሮባስ ለሚመላለስ ሰው ግን እኔ አሮጌውን እመርጣለሁ።

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ገዢን የሚያታልል አንድ ነገር አለ፤ ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም። ድምፅ የሚያፍን ማዳመጫ በደንብ የሚውጠው ዝግ ያለና የማይቋረጥ ጉምጉምታን ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የአውሮፕላን፣ የሞተር ድምፅን። የገበያ ማዕከል ደግሞ በዚሁ ጉምጉምታ የተሞላ ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ዓለም ጸጥ ይላል፣ ሰውየውም ይከፍላል። በር ላይ ሲወጣ የሚጠብቀው ግን የካይሮ ጥሩንባና የማይክሮባስ ረዳት ጩኸት ነው። እንዲህ ያለው ድንገተኛና ቀጭን ድምፅ እያለፈ ይሰማል። ሻጩ ከፈቀደ የሱቁን በር ከፍቶ ጎዳናው እየተሰማ መሞከር የተሻለ ነው።

ከዚህ ወደ አባስ አል-አቃድ ይወረዳል። ጎዳናው የተሰየመው በጸሐፊው አባስ አል-አቃድ ነው፤ ሕይወቱ ያለፈው በ1964 ነው። ዛሬ በልብስ፣ በጫማና በስልክ ሱቅ ግራ ቀኙ ተሞልቷል። ቢ ቴክ፣ ራያና ቱቢን የመሰሉት ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች በናስር ሲቲ ይገኛሉ። በየወሩ መክፈልም ይቻላል፤ ተቅሲጥ ይሉታል። የዕለት ተዕለት አድማጭ ዕቃ በብዛት ያለው እዚህ ነው። ሶኒ ሲኤች520 በ60 ዶላር ወጣ፣ 147 ግራም ነው፣ አንዴ ተሞልቶ 50 ሰዓት ይሠራል። ጄቢኤል ቲዩን 520 157 ግራም ነው፣ 57 ሰዓት ይሄዳል። ከሲቲ ስታርሱ ዕቃ ጋር ስታስተያዩት ባትሪው ይበልጣል፤ ኤክስኤም5 ድምፅ እያፈነ የሚሠራው 30 ሰዓት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ርካሾቹ ድምፅ አያፍኑም፣ ያንን የሚሠራ ማይክሮፎን አይመግቡም። ሲኤች520 የገመድ ቀዳዳ እንኳ የለውም። ባትሪው ካለቀ አለቀ።

ኦራይሞም በዚሁ መደርደሪያ ላይ አለ። አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው ያው የቴክኖና የኢንፊኒክስ እናት ድርጅት የትራንሽን ምርት ነው። ከጄቢኤል ዝቅ ያለ ዋጋ፣ ከጠረጴዛው ዕቃ የተሻለ ዋስትና አለው።

እዚህ ጎዳና ላይ የሚጠየቁ ሁለት ቃላት አሉ፦ ደማንና ፋቱራ፣ ዋስትናና ደረሰኝ። የወኪሉ ማኅተም ያለበት ዕቃና የሌለው ዕቃ በአንድ መስታወት ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በዋጋ ይለያያሉ። ዕቃውን ለወገን ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው ለማኅተሙ ብዙ ባይከፍል ይሻላል፤ ዋስትናውን የሚሰጠው የግብፅ ወኪል ነውና ቦሌ ሲደርስ ብዙም አይረዳም።

ከአባስ አል-አቃድ የሚገነጠለው የባትራዊ ጎዳና ላይ ገኒና ሞል አለ። በልብስና በበረዶ መንሸራተቻው ይታወቃል፤ ለማዳመጫ ብቻ የመጣ ሰው ብዙ አይቆይበትም።

መክራም ዑበይድ የካፌ ጎዳና ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ማዳመጫዎች የሚበዙት እዚህ ነው፤ ሒጃብ ለለበሰች ወጣትም ሆነ ነጠላ ለተከናነበች እኅታችን የሚመቹት እነርሱ ናቸው። አፕል የመጀመሪያውን ኤርፖድስ በ2016 በ159 ዶላር ሲያወጣ ብዙ ሰው ቀልዶበት ነበር። በ2021 ናቲንግ ኢር 1 የሚባለው ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ በ99 ዶላር መጣ። መልኩን ወደድኩት፤ ግን አንዱ ፍሬ ወንበር ሥር ከገባ መልክ ምን ያደርጋል?

ሙስጠፋ አል-ነሓስን ተከትሎ ወደ ሰባተኛው ሰፈር ሲኬድ መንገዱ ይጠብባል፣ ሕዝቡ ይበዛል። ከስታዲየም ሜትሮ ጣቢያ ተነስቶ 56.5 ኪሎ ሜትር ርቆ እስከ አዲሱ አስተዳደራዊ ዋና ከተማ የተዘረጋው ሞኖሬል በዚህ በኩል ጣቢያ አለው። ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ብዙ የአል-አዝሃር ተማሪዎች በዚህ አካባቢ ይኖራሉ። የእግረኛ መንገዱ ጠረጴዛ ላይ ፒ9፣ ፒ47 እና ኤም10 የሚባሉት ተደርድረዋል፤ መርካቶ የሄደ ሰው ያውቃቸዋል። ከአምስት መቶ ፓውንድ በታች ይደራደሩባቸዋል።

ፒ9 የኤርፖድስ ማክስ ግልባጭ ነው፤ ሻጩ «ሀይ ኮፒ» ይለዋል፣ አይደብቅም። ቀለሞቹ፣ የአናቱ መረብ፣ የጎኑ ክብ ቁልፍ ሁሉ ተገልብጧል። ሲያነሱት ግን ይለያል። እውነተኛው ጽዋው አሉሚኒየም ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል። ይህኛው ፕላስቲክ ነው፣ ትራሱን በአውራ ጣት ሲጫኑት ስፖንጁ ሳይመለስ ይቆያል። በሌላ በኩል እውነተኛው የሌለው ነገር አለው፤ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ። መዝሙር በካርድ ይዞ ስልኩን ለሚቆጥብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዘፋኙ ከበርሜል ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል።

ጠረጴዛው ዳር ሲሞከር የጎዳናውን ጫጫታ ለማሸነፍ ሁሉም ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 90 ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። በቀን ሁለት ሰዓት ማይክሮባስ ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው አራቱን በሁለት ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ ድምፅ ማፈኛ ለቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን ከዋጠ ሙዚቃውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

የሚፈርሰው መጀመሪያ የትራሱ ቆዳ ነው። ሰው ሠራሽ ስለሆነ በላብ ይላጣል፤ የካይሮ ነሐሴ ደግሞ ላብ አያጣም። ትራሱ ለብቻው የሚሸጥለት ዕቃ ዓመታት ይኖራል፤ የታዋቂዎቹ ሞዴሎች ትራስ ይገኛል፣ የፒ9ን ግን አዲስ ፒ9 መግዛት ይቀላል። ትንንሾቹ የጆሮ ፍሬዎች ባትሪያቸው ሲደክም ባብዛኛው ጥገና የላቸውም።

የ2018 የግብፅ የሸማቾች ሕግ፣ ቁጥር 181፣ ዕቃን በ14 ቀን፣ እንከን ካለው በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይፈቅዳል። አባስ አል-አቃድ ላይ ፋቱራ የያዘ ሰው ይህን መጠየቅ ይችላል፤ ካርቶኑንና ሽፋኑን ሳይቀድ ያስቀምጥ። ጠረጴዛው ላይ ፋቱራ አይሰጥም፤ እዚያ መሞከር ከመክፈል በፊት ነው፣ ሁለቱም ጆሮ፣ ማይክሮፎኑም ጭምር።