ከማገዶው በፊት ስሌቱ

አረካ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ውኃ ስናፈላ የቴርሞሜትሩ መስመር 94 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። እሳቱን ብንጨምርም ውኃው ይበልጥ ተንፈቀፈቀ እንጂ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። መጽሐፋችን ደግሞ 100 ይላል። ቴርሞዳይናሚክስን ከልቤ መማር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ቀድሞ ይፈላል። የመጽሐፉ 100 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ይህን ዝምድና ክላፔሮን በ1834፣ ክላውዚየስ በ1850 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጠውታል።

ታዲያ የጨመርነው እሳት ወዴት ሄደ? ወደ እንፋሎት። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ አረካ ላይ እስኪፈላ 310 ኪሎጁል ገደማ ይበቃዋል፤ ተንኖ እንዲያልቅ ግን 2,270 ኪሎጁል ያህል፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ቦሎቄ ለምትቀቅል እናት ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ መጨመር ውኃውን ያተንናል እንጂ ቦሎቄውን አያፈጥነውም። ክዳኑን ገጥሞ እሳቱን መቀነስ ይሻላል።

ኬሚስትሪን ሙያዬ ካደረግሁ በኋላም ይኸው ትምህርት አልተለየኝም። ፍሎራይድ የበዛበትን የስምጥ ሸለቆ ውኃ የሚያጣራ ቁስ እንፈልጋለን እንበል። ፍሎራይዱ ከቁሱ ጋር ሲያያዝ ሙቀት የሚያወጣ ከሆነ፣ ውኃውን ማሞቅ በመጨረሻ የሚያዘውን መጠን ይቀንሰዋል። የጊብስ ነፃ ኃይል ስሌትም ለውጡ በራሱ መሄድ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረናል። ፍጥነቱን ግን አይነግረንም፤ እሱ የኪኔቲክስ ድርሻ ነው። ሁለቱን መለየት ብዙ ድካም ያድናል። መሄድ የሚችል ነገር ግን የዘገየ ለውጥ አፋጣኝ ይፈለግለታል፤ ጨርሶ መሄድ ለማይችል ግን የትኛውም አፋጣኝ አይረዳውም፤ ሁኔታው ራሱ መለወጥ አለበት።

ስለዚህ ሙከራ አልሄድ ሲለኝ ምድጃውን ከማጋሌ በፊት ወረቀትና እርሳስ አነሣለሁ።

ኬሚካል በቀላሉ በማይገኝበት ላቦራቶሪ ለምትሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች አደራ የምለው ይህንኑ ነው፤ ጉልበትና ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን በስሌት አረጋግጡ።