ትርፍ ገመድ

እኔ ከመርካዝ ክሊታ ወጥቼ ረሖቮት፣ ኦሺዮት ሰፈር ከገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የኡልፓን ደብተሬን ግን እስካሁን አልጣልኩትም። ዛሬ የምጽፍላችሁም በዚያ ደብተር ላይ ስላለ አንድ ቃል ነው፤ «ሔቬል» ስለሚለው።

ሔቬል በዕብራይስጥ ገመድ ማለት ነው። ያንኑ ሦስት ፊደል «ሐቫል» ብላችሁ ስታነቡት ደግሞ «ያሳዝናል፣ ምነው በቀረ» ማለት ይሆናል። አዲስ ተማሪ ሁሉ ይህን ያምታታል። ለእኛ ግን ቃሉ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ ሐብል ማለት ገመድ ነው፤ በአማርኛም የአንገት ጌጡን ሀብል እንላለን። ነቢዩ ዮናስ ከያፎ በተሳፈረባት መርከብ ላይ የነበረው አለቃ በዕብራይስጡ መጽሐፍ «ራቭ ሃሖቬል» ይባላል። ቃሉ ከሔቬል ጋር አንድ ሥር አለው። እንግዲህ የጥንቱ የመርከብ አለቃ ስሙን ያገኘው ከገመድ ነው ማለት ነው። እኔም እንጀራዬን የማገኘው ከዚሁ ከገመድ ስለሆነ ነገሩን ላጫውታችሁ።

ሥራዬ አሽዶድ፣ የጀልባ ማቆሚያው ውስጥ ነው። ጀልባ አጥባለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ባለቤቱ ሰው ሲያንሰው አብሬ ባሕር እወጣለሁ። ያደግሁት ደምቢያ ነው። በኛ አገር ባሕር ሲባል ጣና፣ ጀልባ ሲባል የደንገል ታንኳ ነው። ታንኳ ደግሞ ሸራ የለውም፤ በዘንግ እየተቀዘፈ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ባለጀልባው «አንተ እጠብ፣ ገመድ አትንካ፤ ከመንደር የመጣ ሰው ገመድ አያውቅም» አለኝ። ቤሴዴር ብዬ ዝም አልኩ። ሥራ ፈላጊ ሰው ምን ይላል?

አሁን የሸራ ጀልባ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ቋሚው ረጅም ምሰሶ «ቶሬን» ይባላል። ከሥሩ ወደ ኋላ የተዘረጋው አግዳሚ «ማኖር» ነው። ዋናው ሸራ፣ ማለትም «ሚፍራስ»፣ በሁለቱ መካከል ይወጠራል። ነፋስ ሲበረታ ያ ሁሉ ሸራ ጀልባዋን ወደ ጎን ያጋድላታል፤ መሪውም አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ሸራው ጥቂት ዝቅ ይደረግና የታችኛው ክፍል ታጥፎ ከአግዳሚው ጋር ይታሰራል። ዳገት የሚወጣ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ወገቡ ላይ እንደሚያስረው ማለት ነው። ይህን ሥራ «ጺምጹም» ይሉታል፤ መቀነስ፣ ማሳነስ ነው።

ለዚህ ሥራ የተመደበ ገመድ አለ። ከአግዳሚው ይነሣና በሸራው ጠርዝ ባለው ቀለበት ገብቶ ተመልሶ ይወርዳል፤ ከዚያ በአግዳሚው ውስጥ አልፎ እስከ ሰዎቹ መቀመጫ ድረስ ይመጣል። ብዙ ጀልባ እንዲህ ያለ ሁለት ገመድ አለው፤ አንዱ ለመጀመሪያው ማሳነስ፣ ሌላው ነፋሱ ሲብስ ለሁለተኛው። እንዳይምታቱም ቀለማቸው ይለያያል።

ችግሩ የሚመጣው ከትርፉ ነው። ገመዱ ወጥቶ የሚመለስ ስለሆነ ሸራው 1 ሜትር ተኩል ዝቅ ሲል 3 ሜትር ያህል ገመድ ይተርፋል። ይህ ትርፍ እግር ሥር ተከምሮ ከቀረ ሰው ይጠልፋል። ማዕበል ጠርጎ ወደ ባሕር ካወጣው ከታች ካለው የሞተሩ ማሽከርከሪያ ጋር ይጠመጠማል፤ ያን ጊዜ ሞተርም የለም። ደግሞ የመጀመሪያው ማሳነስ ሲደረግ ሁለተኛው ገመድ ሥራ ባይኖረውም ይላላል፤ ከሸራው ጀርባ እንደ ትልቅ ቀለበት ይንጠለጠላል። ያን ልል ስቦ ያላስገባ ሰው ገመዱ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ያገኘዋል።

የአሰባሰቡም ሥርዓት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ልሉን ሁሉ ስቦ ማስገባት። ቀጥሎ ከታሰረው በኩል ጀምሮ ወደ ነጻው ጫፍ መሄድ ነው፤ መጠማዘዙ ሁሉ በጫፉ በኩል እንዲወጣ። በእጅና በክርን መካከል መጠቅለል አይገባም፤ በያንዳንዱ ዙር ገመዱ አንድ ጊዜ ስለሚጠማዘዝ ሲፈታ ይተበተባል። በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያሉ ሲያጥፉት ግን መጠማዘዙ እርስ በርሱ ይጣፋል። በከረጢት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ነጻው ጫፍ ከታች ይገባል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ክፍል ከላይ እንዲሆን። ከዚያ ሁሉም ገመድ በየቦታው፤ በጨለማ እንኳ እጅ ሄዶ የሚያገኘው መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ እያጠብኩ አየሁት፤ ባየሁት ቁጥር የምትታወሰኝ ግን የአባቴ መጫኛ ነበረች። አባቴ እዚህ አገር እስኪመጡ ድረስ ባሕር በዓይናቸው አላዩም። እህል በአህያ ጭነው ከደምቢያ አዘዞ ገበያ ይመላለሱ ነበር። ሲሄዱ ጭነቱ ሙሉ ነው፤ ሲመለሱ ግን ጥቂት ጨውና ቡና ብቻ ነው። መጫኛው ያው ረጅም ጠፍር ነው። የተረፈው ተንጠልጥሎ ከአህያዋ እግር ከገባ ቁልቁለት ላይ ይጥላታል። ስለዚህ አባቴ ትርፉን እኩል እኩል አጥፈው፣ በመጨረሻው ዙር ወገቡን አስረው፣ ከጭነቱ ሥር ይወትፉታል። ጫፉን ግን ሁልጊዜ በግራ በኩል ብቅ ያደርጉታል። ወንዝ ስንሻገር አህያዋ ከወደቀች ቢላዋ የሚፈለግበት ጊዜ የለም፤ ያቺን ጫፍ አንድ ጊዜ ስቦ ጭነቱን መጣል ነው። «ገመድ የሚጠቀለለው ለመፈታት ነው፤ ሲፈታ ካስቸገረህ አልጠቀለልከውም» ይሉን ነበር።

ባለፈው ዓመት ከሱኮት በዓል በኋላ ሦስት ሆነን ከአሽዶድ ወደ ያፎ ወጣን፤ ባለጀልባው፣ ሌላ ሠራተኛና እኔ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋሱ ለማታ ተብሎ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ከምዕራብ መጣ። ባለጀልባው የመጀመሪያውን ማሳነስ አዘዘ፤ ተደረገ። ሠራተኛው ሸራው የሚወርድበትንና የሚወጣበትን ዋናውን ገመድ በክርኑ ጠቅልሎ ጥጉ ላይ ወተፈው። ሁለተኛው የማሳነሻ ገመድ ላልቶ ሲወዛወዝ ስላየሁ፣ ማንም ሳያዘኝ ልሉን ስቤ በስምንት ቅርጽ አጥፌ ከረጢቱ ውስጥ አስገባሁት። ባለጀልባው አየኝ፤ ምንም አላለም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ ባሰ። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፣ ውኃ እስከምንቀመጥበት ገባ። «ሁለተኛውን!» ብሎ ጮኸ። ሸራው ይወርድ ዘንድ ዋናው ገመድ ሲለቀቅ ግን ሁለት ክንድ ያህል ሄዶ ቆመ። ተተብትቦ፣ ቋጠሮ ሠርቶ፣ መቆለፊያው አፍ ላይ ተቀረቀረ። ሸራው አይወርድም፣ አይወጣም፤ እየተርገበገበ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ሠራተኛው በድንጋጤ ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቃል።

እናቴ ጥጥ ስትፈትል ልቃቂቷ ከተተበተበ ፈጽሞ አትስብም ነበር። ታላላውና ውሉን በጣቷ ትፈልጋለች። እኔም ሰውዬውን «ተው፣ አትሳብ!» ብዬ ገፋ አደረግሁትና ተንበረከክሁ። ባለጀልባው ጀልባዋን ወደ ነፋሱ አዞረ፤ ሸራው ትንሽ እፎይ አለ። አንዱን ዙር አላላሁ፣ ሌላውን አላላሁ፣ ሦስተኛው ላይ ውሉ ተገኘ። ቋጠሮው ሲፈታ ሸራው ዱብ አለ። ከዚያ ያጠፍኩትን ሁለተኛውን ገመድ ያዝኩና ሳብኩ። ልሉ አስቀድሞ ስለገባ ወዲያው ጠበቀ፣ አንድም ቦታ አልያዘም። ጀልባዋ ቀና አለች። ያፎ መሄዱ ቀርቶ ወደ አሽዶድ ተመለስን።

ገመዱን ሳስር ባለጀልባው ቁጭ ብሎ አየኝና «በመንደራችሁ ባሕር አለ እንዴ?» አለኝ። «ባሕር የለም፤ አህያ ግን አለ» አልኩት። ነገሩ ስላልገባው ሁሉንም ነገርኩት፤ መጫኛውን፣ ቁልቁለቱን፣ ወንዙን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዱ ሁሉ በኔ እጅ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም አሰባሰቡን የማሳየው እኔ ነኝ። ደመወዜም ጥቂት ጨመረ፤ ይመስገነው።

ለኔ ከደመወዙ የበለጠብኝ ግን የአባቴ ነገር ነው። አባቴ ኦሺዮት ከገባን ወዲህ ቀኑን በረንዳ ላይ ነበር የሚውሉት። «እዚህ አገር እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ እጄም ሥራ ፈታ» ይላሉ። የልጅ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ ቶሎ ቶሎ ያወራሉ፤ እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፉታል። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ «ከአህያዋ በስተግራ ነበር የማወጣው፤ እዚያስ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ከሥራ ያረጀ ገመድ ይዤላቸው መጣሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጠው አጠፉት፣ ወገቡን አሰሩት፣ ጫፉን ብቅ አደረጉና ትንሿን ልጄን «ሳቢ» አሏት። ሳበችው፤ በአንድ ጊዜ ተፈታ። «ዖድ ፓዓም!» አለች፤ እንደገና ማለቷ ነው። አባቴ ይህችን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቋታል።

በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 33 ገመዶቿ ላልተውባት ሸራዋን መዘርጋት ስላቃታት መርከብ ይነገራል። የጥንቱ ሰውም ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኛም ከአገራችን ይዘን የመጣነው ብዙ ነገር አለ፤ የሽመናው፣ የሸክላው፣ የብረቱ፣ የእርሻው ዘዴ። ዛሬ የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ትርፍ ይመስላል። ጥግ ላይ ተወትፎ ከቀረ ግን በተፈለገ ሰዓት ውሉ አይገኝም። ሐቫል የሚባለው ይሄኔ ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ መርካዝ ክሊታ ውስጥ ሳላችሁ፣ ጊዜውም ሳለ፣ አባት እናቶቻችሁን ጠይቋቸው። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ፤ በአፍ መንገር ብቻ አይበቃም። ልጆቹም ይሳቡት፣ ይፍቱት። ያገኛችሁትንም ለዚህ ጋዜጣ ጻፉልን። በሰላም ያገናኘን።

ከኦሺዮት ነዋሪ