ቡሄና የውሻው ድርሻ

ቡሄ በደረሰ ቁጥር ስለ ሙልሙሉ፣ ስለ ጅራፉና ስለ ችቦው ብዙ ይባላል፤ ብዙም ይጻፋል። ስለ ውሻው ግን አንድ መስመር የጻፈ ሰው እስካሁን አላየንም። ስለዚህ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን አንድ ክፍል የምንተኛ እኛ ሦስት ሠልጣኞች፣ «የዘንድሮው ተራ የውሻው ይሁን» ተባብለን ብዕር አነሣን። የሚስቅ ይሳቅ፤ ከብት ጠብቆ ያደገ ግን የምንለው ይገባዋል።

ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ነው። ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት ነው። አባቶች እንደሚተርኩት በአካባቢው የነበሩ እረኞች ብርሃኑን አይተው ገና ያልመሸ ስለመሰላቸው በዚያው ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ሙልሙሉም ችቦውም የዚያ ማስታወሻ ነው ይባላል። የደብረ ታቦር ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተራራ ነው። እንግዲህ በዓሉ የእረኛ በዓል ነው። ታዲያ እረኛ ባለበት ውሻ አልነበረም ወይ? የስማዳው ጓደኛችን በልጅነቱ ይኸንኑ አያቱን ቢጠይቃት፣ «ውሻማ ባይኖር ልጆቹን በጨለማ ማን አገኛቸው?» ብላ መለሰችለት። መጽሐፍ ላይ የለም፤ ግን እስካሁን ክርክሯን የረታ አልተገኘም።

በኛ አገር ውሻ ለጨዋታ ተብሎ አይያዝም። የጋይንት ደጋ የጉናን ትከሻ የተደገፈ ነው፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በነሐሴ ጉሙ ሲወርድ አሥር ክንድ ርቆ የቆመ በግ አይታይም፤ ቀበሮም ጅብም ይኸን ያውቃል። ስማዳ ደግሞ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከገደሉ የሚወጣው ዝንጀሮ ማሽላውን ከባለቤቱ ቀድሞ ያጭዳል። በእስቴም ያው ነው። ጉሙን የሚያሸተው፣ ገደሉን የሚጮህበት ውሻው ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ከጣራው ጠርዝ ሥር ተጠቅልሎ ያድራል፤ ቤት አይገባም። ሰው ሲሞት በከንቱ «ደመ ከልብ ሆነ» የሚል ሕዝብ ለውሻ ያለውን ግምት መናገር አያሻም። ስሙ እንኳ የራሱ አይደለም፤ ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፊያ ነው። ባለቤቱ ከባላንጣው ጋር ሲኳረፍ ውሻውን «ታዘበው» ይለውና ጠዋት ማታ ጮክ ብሎ ይጠራዋል። ጎረቤት ይሰማል፤ ውሻው ጅራቱን ይቆላል።

ደግሞ የቡሄ ዳቦ የጾም ዳቦ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚጾም በዓሉ መሐል ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ቅቤም ወተትም የለም፣ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ። በፍልሰታ ልጆችም ይጾማሉ። ላም ባለበት ቤት ግን ውሻው አይጎዳም፤ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ሲቀመጥ አጓቱ ለሱ ይደፋለታል። ላም በሌለበት ቤት እሱም ጿሚ ነው፤ ያውም ሳይፈልግ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ነሐሴ ጎተራው የሚራገፍበት ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና ለምለም ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል የነበሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ወር «ሙልሙል ጋገርን» ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለዚያ ቀን ተብሎ ከዘሩ ጎን የተደበቀች ገብስ አለች ማለት ነው። እንግዲህ ከዚያች ገብስ ላይ ለውሻ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? በመኝታ ክፍላችን ሦስት ሌሊት ያከራከረን ጥያቄ ይኸ ነው።

ክርክሩን ያስነሣው የጋይንቱ ጓደኛችን የነገረን ነው። በነሱ ቤት እናትየው ለቡሄ ሲጋግሩ ከቡሃቃው ተጠራርጎ በሚቀረው ሊጥ የመዳፍ ያህል ትንሽ ዳቦ ለውሻው ይሠሩ ነበር። 2007 ዓ.ም. መጣ። በኤልኒኞ ሳቢያ በብዙ የአገራችን ክፍል ክረምቱ የከሸፈበት ዓመት ነው። የዚያን ጊዜ ሊጡ በልጆቹ ቁጥር ልክ ተለክቶ ተጋገረ፤ ቡሃቃውም እስከ ጠርዙ ተጠርጎ ስለነበር ለውሻው የሚተርፍ ጠፋ። አያትየው ገበታው ላይ ዓይናቸውን ጣሉና፣

«የታዘበውስ የት አለ?» አሉ።

«እማማ፣ ዘንድሮ ለሰው ያልበቃ እህል ለውሻ?» አሉ አባትየው።

«አንተ! ሌሊት ጅብ ሲመጣ እኔ ልጩህልህ?»

ቤቱ ዝም አለ። አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አምስት ልጅ ፊታቸው ተቀምጧል። በመጨረሻ «እንግዲያው ከሁሉም ላይ ይቆረስ» አሉ። እናትየው ከየአንዳንዱ ሙልሙል የአውራ ጣት ያህል ቆረሱ፤ ከአባትየውም፣ ከአያትየውም። ትንሹ ልጅ የኔ አይቆረስም ብሎ አለቀሰ፣ ተቆረሰበትም። ጓደኛችን ቁርሱን ሰብስቦ ወጣና ለውሻው ሰጠው። ውሻው አንዱን ጎረሰ፤ የቀረውን በአፉ ይዞ ወደ አመድ መጣያው ሄደ፣ ጉድጓድ ጫረ፣ ቀበረው።

አባትየው ከደጃፍ ሆነው እያዩ ነበር። «አየሽ እማማ? ጠግቧል» አሉ።

«አልጠገበም፣ ቆጥቦ ነው። ካንተ ይሻላል» አሉ አያትየው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ያለቀሰውም ልጅ። ውሻ የተረፈውን መቅበሩ የተፈጥሮ ጠባዩ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሁንና ተረቱ ከሳይንሱ በለጠብን። የእስቴው ጓደኛችን ግን አይስቅም። «አባትየው ትክክል ናቸው፤ ከልጅ አፍ ቆርሶ ለውሻ መስጠት ለሚያይ ሰው ደስ ይል ይሆናል እንጂ ለተቆረሰበት አይጥምም» ይላል። እኛ ሁለታችን ከአያትየው ጋር ነን። ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ በዓመት አንድ ቀን ድርሻ ቢያገኝ ምጽዋት አይደለም እንላለን። ደግሞም በዚያ ክረምት ከበጎቹ አንድ አልጎደለም፤ በዚያ ዓመት በግ ማለት የልጅ ደብተር ማለት ነበር።

ውሻው በቡሄ ዳቦ ብቻ ሳይሆን ሰላምም ያጣል። አስቡት እስቲ። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይነዳል፤ ዱላ የያዙ ልጆች መሬቱን እየደበደቡ በየደጁ ይመጣሉ፤ ጅራፍ ይጮኻል። ጅራፍ ለምን እንደሚጮኽ ታውቃላችሁ? ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚሄድ ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ማለት ነው። (ነገ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ለክፍል ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የት እናገኛለን?) የውሻ ጆሮ ደግሞ ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ጭምር ይሰማል። ለኛ ጨዋታ የሆነው ለሱ ጦርነት ነው።

የጥንት ባላንጣውም የቆሎ ተማሪው ነው። ጋይንት የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር በመሆኑ ለምድ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ የሚለምን ተማሪ ከጥንት ጀምሮ አይጠፋበትም። ደብረ ታቦር ለነዚህ ተማሪዎች ትልቅ በዓል ነው። ብልሁ ተማሪ ታዲያ በዱላ አይጣላም፤ ቁራሽ ይጥልለታል። ውሻውም ያችን እጅ ዓመቱን ሙሉ አይረሳትም።

እዚህ ላይ ቀልዱን እናቁም። በቡሄ ሰሞን ልጆች ከማያውቁት ደጅ ስለሚገቡ በውሻ ይነከሳሉ። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ሁሉ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ የሞከረው በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ዛሬም በየመንደሩ «ቆይ እስቲ ይታይ» የሚባል ነገር አለ። አይታይም! ጸበሉም ቢሆን ከጤና ጣቢያው ጋር አይጣላም። ውሻውም ራሱ በየዓመቱ ይከተብ፤ ከሙልሙሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ስለ ሊጥም አንድ ነገር እንጨምር። የእስቴው ጓደኛችን ቤት ውሻው በቡሄ ዋዜማ የጓዳ በር ተከፍቶ ቢያገኝ ገብቶ የቦካውን ሊጥ ዋጠው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ጎረቤት «ጠላ ጠጥቶ ነው» ብሎ ሳቀ። ቀልድ መሰላቸው እንጂ እውነት ነበር፤ እርሾ ያለው ጥሬ ሊጥ በውሻ ሆድ ውስጥ እየቦካ ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል፣ ሊገድለውም ይችላል። ያ ውሻ እንደ ዕድል ተርፏል። ስለዚህ መስጠት የተጋገረውን ነው፤ ሽንኩርት ያለበትንም አይደለም፤ እሱም ይጎዳዋል።

ይህን ስናነብ «የፈረንጅ ነገር አመጣችሁብን» የሚለን አይጠፋም። ኔፓል ፈረንጅ አይደለም፤ እንደኛው ተራራ የሚያርስ ገበሬ አገር ነው። እዚያ በቲሃር በዓል ሁለተኛው ቀን የውሻ ነው፤ አንገቱ ላይ አበባ ይጠለቅለታል፣ ግንባሩ ይቀባል፣ ምግብ ይቀርብለታል። እኛ አበባ አላልንም። የመዳፍ ያህል ዳቦ ነው ያልነው።

ለነሐሴ ሦስታችንም ወደየቤታችን እንገባለን። የእስቴው ጓደኛችን ዘንድሮ ውሻውን በ12 ማታ ከቤቱ በስተ ጀርባ፣ ችቦው ከማይታይበት ቦታ ሊያስረው፣ ሙልሙሉንም በማግሥቱ ልጆቹ ካለፉ በኋላ ሊሰጠው ወስኗል። ከራሱ ድርሻ ቆርሶ ነው፤ ከልጆቹ አይነካም። በክርክሩ ግን አሁንም ከአባትየው ጋር እንደቆመ ነው።