ተሳቢውን ማን ይሸከመዋል? ከጋላፊ መንገድ እስከ ኮሎራዶ ተራራ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል እዚህ ዴንቨር ስልኬ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ፒክአፕ አለኝ፣ ካምፐር ልገዛ ነው፣ የትኛውን ሂች ላስገጥም?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደ እኔው የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። ብዙዎቻችን ተሳቢን የተዋወቅነው አገር ቤት ነው፤ ከአዋሽ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ በሚወስደው የጅቡቲ መንገድ። ያ ልምድ እዚህም በብዙ ነገር ይጠቅማል። ፊፍዝ ዊል ካምፐር፣ ማለትም አፍንጫው ፒክአፑ ላይ የሚያርፍ ተጎታች ቤት፣ ሲመጣ ግን አንድ ቦታ ላይ ያሳስታል፤ የሚያሳስትበት ቦታ ደግሞ ቤተሰብ ተጭኖ የሚወጣበት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አገር ቤት የለመድነው ሙሉ ተሳቢ ነው። ከፊትም ከኋላም የራሱ አክስል አለው፤ ጭነቱን በገዛ ጎማዎቹ ተሸክሞ ይቆማል። ሲቀጠል ያየ ሰው አይረሳውም። ረዳቱ ታኮውን ከተሳቢው ጎማ ሥር ይሸጉጣል፤ የመጎተቻውን ዘንግ ከፍ አድርጎ ይይዝና በሌላው እጁ «ና! ና! ትንሽ ወደ ግራ! ና! በቃ!» እያለ ሾፌሩን ይመልሰዋል። ቀለበቱ መያዣው ውስጥ ሲገባ ፔርኖው ይወርዳል፤ ረዳቱ ማቆሚያውን ይሰካል፣ የአየር ቱቦዎቹን ያገናኛል፣ የፍሬኑን አየር ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ የመኪናውን ጎን ሁለቴ መትቶ «ሂድ!» ይላል። ዘንጉ ይጎተታል እንጂ በመኪናው ጀርባ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ይህን ያህል አይደለም። ስለዚህ «ስንት ይጎትታል?» ማለት እዚያ ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ፊፍዝ ዊል ካምፐር የፊት አክስል የለውም። አፍንጫው የፒክአፑ ካሶኒ ውስጥ ይገባና ኪንግ ፒኑ፣ ማለትም 2 ኢንች ውፍረት ያለው ፔርኖ፣ እዚያ በታሰረው መያዣ፣ በሂቹ፣ ላይ ይቀመጣል። በዚያች ፔርኖ በኩል ከካምፐሩ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በቀጥታ ፒክአፑ ላይ ያርፋል። እዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ይሸከማል?» ነው።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ደውሎ «ጋሼ፣ ሻጩ 13 ሺህ ፓውንድ ይጎትታል ብሎኛል፤ ካምፐሩ ደግሞ ሞልቶም ከ12 ሺህ አይበልጥም» አለኝ። «የሾፌሩን በር ክፈትና እዚያ የተለጠፈውን አንብብልኝ» አልኩት። የሰውና የጭነት ድምር ከ1,640 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። እንግዲህ እናስላ። የ12 ሺህ 20 በመቶው 2,400 ፓውንድ ነው። ሂቹ ራሱ 150 ፓውንድ ቢመዝን፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር 600 ቢሆኑ፣ ድምሩ 3,150 ይደርሳል። መኪናው ከሚችለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሻጩ አልዋሸም፤ ሞተሩ ይጎትተዋል። የኋላ አክስሉ፣ ባሌስትራውና ጎማው ግን አይሸከሙትም። ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፦ ሂች ከመምረጣችሁ በፊት በሩ ላይ ያለውን ቁጥር እወቁ፤ ካምፐሩንም በባዶ ክብደቱ ሳይሆን በተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት አስሉት። 60 ጋሎን ውኃ ብቻውን 500 ፓውንድ ነውና። ግማሽ ቶን የሚባሉት ፒክአፖች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ትልቅ ካምፐር የሚፈልግ ሰው ወደ ባለ አንድ ቶኑ መሄዱ አይቀርም። «ባሌስትራ ባስጨምርስ?» የሚለኝ አለ። የኋላውን ቀና ያደርገዋል፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን አይለውጠውም።

ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ ምርጫውን የሚወስነው የካሶኒው ርዝመት ነው። የካምፐሩ ስፋት 8 ጫማ ያህል ስለሆነ ከኪንግ ፒኑ እስከ ጎኑ ድረስ 48 ኢንች ገደማ አለ። 8 ጫማ ካሶኒ ላይ ከኋላ አክስሉ እስከ ጋቢናው ያለው ርቀት ከዚህ ይበልጣል፤ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ የማይንቀሳቀስ ተራ ሂች ይበቃዋል። 6 ጫማ ተኩል በሆነው ግን ያ ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ40 ኢንች እምብዛም አይርቅም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ስትመልሱ የካምፐሩ ጥግ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊያገኘው ይችላል። ለዚህ ነው ተንሸራታች ሂች የተሠራው። በእጅ የሚለቀቀው ርካሽ ነው፤ ከመታጠፋችሁ በፊት ግን ወርዳችሁ መልቀቅ አለባችሁ። እንደ ፑልራይት ሱፐርግላይድ ያለው ራሱ ይንሸራተታል፤ ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ለአጭር ካሶኒ ግን ገንዘቡ ያዋጣል ባይ ነኝ። አንዳንዱ ካምፐር አፍንጫው ጥጉ ላይ ተቀርፎ የተሠራ ስለሆነ ያለ ተንሸራታችም ይታጠፋል፤ በሜትር ሳትለኩ ግን የማንንም ቃል አትመኑ።

ስለ አሳሰሩ አጠር ላድርገው። ፋብሪካው ካሶኒው ላይ አራት ማስገቢያ ቀዳዳ ሠርቶለት ከሆነ ለዚያ የተዘጋጀውን ሂች ግዙ። ከሌለው በሻንሲው ላይ የሚታሰር ሐዲድ ይገጠማል። እንደ ቢ ኤንድ ደብሊው ኮምፓኒየን ያለው ደግሞ ካሶኒው መሃል ባለችው የጉዝኔክ (የኳስ መቀጠያ) ቀዳዳ ይታሰራል፤ ሲነሳ ካሶኒው ንጹሕ ሜዳ ስለሚሆን በሳምንቱ ቀናት ዕቃ ለሚጭን ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። ከኪንግ ፒኑ ላይ እስከ ኳሱ የሚወርድ ረጅም የጉዝኔክ ቁራጭ የሚያስቀጥሉም አሉ። ያ ቁራጭ የካምፐሩን ፍሬም እንደ ዲጂኖ ነው የሚፈለቅቀው፤ አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ አይሞከር።

አሁን ወደ ረዳቱ ልመለስ። እዚህ ረዳት የለም። ሾፌሩ ብቻውን ይመልሳል፣ ብቻውን ወርዶ ያያል። ስለዚህ የመንጋጋው ዓይነት ከዋጋው በላይ ያሳስበኛል። ጥሩ ሂች ሁለት መንጋጋ ኖሮት ፔርኖውን ዙሪያውን ያቅፋል፤ መቆለፍ አለመቆለፉም ከካሶኒው ውጭ ሆኖ ይታያል። ጭንቅላቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝም ቢዘነብል ደግ ነው፤ ወጣ ገባ ሜዳ ላይ መቀጠል ይቀላል። ትልቁ አደጋ ካምፐሩ ከፍ ብሎ ቆሞ ፔርኖው መንጋጋው ውስጥ ሳይገባ አናቱ ላይ ሲቀመጥ ነው። ከሩቅ የተቀጠለ ይመስላል፤ ስትነሱ ወርዶ የካሶኒውን ጎን ይደመስሰዋል። ባትሪ አብሩና ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ በካምፐሩ ሳህንና በሂቹ ሳህን መካከል ብርሃን መታየት የለበትም፤ መንጋጋውም ከፔርኖው ኋላ ተዘግቶ መታየት አለበት። ከዚያ የመብራቱንና የፍሬኑን ገመድ ሰክታችሁ፣ የካምፐሩ እግር መሬት እንደነካ፣ ፍሬኑን በእጅ መቆጣጠሪያው ያዙበትና ፒክአፑን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊት ሳቡ። ካልተላቀቀ የድንገተኛ ፍሬኑን ሽቦ ከፒክአፑ ጋር አገናኝታችሁ እግሩን አንሱ።

ይህን ሁሉ የማጠብቀው መንገዱን ስለማውቀው ነው። በአይ 70 ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን ያለው ቁልቁለት 7 በመቶ ይደርሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሾፌር ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ መውረድን ማንም አያስተምረውም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ የኋላ አክስል ግን የሾፌሩን ችሎታ አይጠይቅም፤ ፍሬኑ ይግላል።

አገር ቤት ከባድ መኪና በመንገድ ላይ ያለው ሚዛን ጣቢያ ገብቶ በየአክስሉ ይመዘናል። እዚህ ለግል ካምፐር የሚያስገድድህ የለም፤ ራስህ ሄደህ ነው የምትመዘነው። ትልልቆቹ የጭነት መኪና ማረፊያዎች ውስጥ ያለውን ካት ስኬል ሁላችንም በሥራ እንጠቀምበታለን፤ ለፒክአፕና ለካምፐርም ይሠራል። ውኃውን ሞልታችሁ፣ ልጆቹንም ዕቃውንም ጭናችሁ፣ ካምፐሩ እንደተቀጠለ ተመዘኑ። ከዚያ ፈትታችሁ ፒክአፑን ብቻውን መዝኑት። የፒክአፑ ሁለት አክስሎች ድምር በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛው የፔርኖ ክብደት ነው። የኋላ አክስሉንም በር ላይ ከተጻፈው ገደብ ጋር አስተያዩት፤ ካለፈ ዕቃ ቀንሱ፣ ዕቃ ቀንሳችሁም ካልበቃ ጉዞው ይቆይ። የሂቹን ብሎኖችም ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አምራቹ ባለው ልክ እንደገና አጥብቁ፤ ጭነት ሲያርፍበት አዲስ ሥራ ሁልጊዜ ትንሽ ይረግባል።